ከባሕር ማዶ የመጣ ሲዲ በቤታችን ስለ ምን አይታይም?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ በመካነ ሰላም ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት የጻፉልን ደብዳቤ በእጃችን ይገኛል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ወደ አሜሪካ ከተሻገረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። በ2001 ዓ.ም. የበኵር ልጇን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስታስነሣ ሥርዐቱ በቪዲዮ ተቀርጾ፣ በዲቪዲ ተገልብጦ፣ በመንገደኛ እጅ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም በደሴና በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም ደረሰ። ጎረቤት ተጠራ፤ ቡና ተፈላ፤ የሕፃኒቱ ቅድመ አያት ከሁሉ ፊት ተቀመጡ። ሲዲው ከማጫወቻው በገባ ጊዜ ግን ሥዕሉ ቀለሙን አጥቶ ከታች ወደ ላይ ይንከባለል ጀመር፤ በደኅና የተሰማው ድምፁ ብቻ ነበር። አሮጊቷም የሕፃኒቱን መልክ ሳያዩ «ልቅሶዋንስ ሰማሁ» ብለው ተነሡ። በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ጠያቂያችን እንዲህ ይላሉ፤ «ሲዲው እስከ ዛሬ በሣጥን ተቀምጧል። ልጅቱ ዐድጋ በመጪው ክረምት ልትጐበኘን ትመጣለች። ያን ጊዜ የተበላሸው ምን ነበር? አሁንስ ይድናል ወይ?»

ክብርት እመቤት ሆይ፤ ሲዲው አልተበላሸም፤ ማጫወቻውም፣ ቴሌቪዥኑም አልተበላሹም። ሦስቱ አልተግባቡም እንጂ። ስለ ምን እንዳልተግባቡ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል።

በቴሌቪዥን የምናየው እንቅስቃሴ በእውነቱ እንቅስቃሴ አይደለም። የቆሙ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዐይናችን አያይዞ ያነባቸዋል። እያንዳንዱም ሥዕል እንደ ሸማኔ ድር በተጋደሙ ቀጫጭን መስመሮች የተሠራ ነው። እንግዲህ በሰከንድ ስንት ሥዕል ይለፍ? አንዱስ ሥዕል ስንት መስመር ይኑረው? የሚለውን አገሮች በአንድነት አልወሰኑትም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኀይል በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ እነርሱ በ1941 (ሁሉም በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) 30 ሥዕልና 525 መስመር ደነገጉ፤ በ1953 ቀለም ጨመሩበት። ይህ ሥርዐት ኤን ቲ ኤስ ሲ ይባላል። ቀለሙ በተጨመረ ጊዜ ፍጥነቱን በጥቂቱ ስለ ቀነሱት ትክክለኛው ቁጥር 29.97 ነው። የኤውሮፓ ኤሌክትሪክ ግን እንደ እኛው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነውና 25 ሥዕልና 625 መስመር ያዙ። ለቀለሙም በጀርመን አገር የቴሌፉንከን መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ብሩኽ ፓል የተባለውን ሥርዐት አበጀ፤ ከ1967 ጀምሮም ለስርጭት ዋለ። ፈረንሳዮች ሴካም የሚሉት ሌላ አላቸው። የእኛ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተጀመረ፤ በፈረንጆች 1984 ወደ ቀለም ሲሻገር የያዘው ፓልን ነው። ስለዚህም በየቤታችን የገባው ሆዳሙ ቴሌቪዥን ሁሉ የፓል ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ዲቪዲ በ1996 በጃፓን፣ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ በወጣ ጊዜ ይህ የአባቶች ልዩነት ይቀራል ተብሎ በታሰበ ነበር። አልቀረም። የአሜሪካው ዲቪዲ በ480 የሚታዩ መስመሮች፣ የእኛው በ576 ይቀረጻል። የተላከልዎ ሲዲ ኤን ቲ ኤስ ሲ ነው፤ ማጫወቻዎ እንዳለ ለቴሌቪዥኑ አቀበለው፤ ቴሌቪዥኑ ግን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚጠብቀው ምልክት 60 ጊዜ ሲመጣበት ሥዕሉን ይዞ ማቆም አልቻለም፤ ቀለሙም በሌላ ዘዴ የተጻፈ ስለ ሆነ ሊያነበው አልቻለም። ድምፅ ግን ከመስመርና ከሥዕል ቁጥር ጋር ጉዳይ የለውምና ደኅና ሆኖ ተሰማ።

የሚያሳዝነው፣ በዚያን ቀን መድኀኒቱ በዚያው ቤት፣ ምናልባትም በሪሞቱ ላይ ሳይኖር አልቀረም። በአገራችን ገበያ የተሸጡት ብዙዎቹ ዴኮች ሁለቱንም ዓይነት ሲዲ የሚያነቡ ናቸው፤ በሪሞታቸው ላይ «ፒ/ኤን» የሚል ቁልፍ፣ ወይም በማስተካከያው ገጽ «የቴሌቪዥን ዓይነት» የሚል ምርጫ አላቸው። እርሱን «ፓል» ላይ ቢያደርጉት ማጫወቻው ራሱ እየለወጠ ያቀብላል። «አውቶ» ላይ ያለ እንደ ሆነ ግን የመጣውን እንደ መጣ ያሳልፋል። ዛሬ የሚሸጡት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ሁለቱንም ስለሚቀበሉ ይህ ችግር በእነርሱ ላይ እምብዛም አይታይም።

ከዚህ ጋር የማይደባለቅ ሌላ ዕንቅፋት አለ። ከመደብር የተገዛ የፊልም ዲቪዲ የአገር ክልል ቁጥር ይታተምበታል፤ በሽፋኑ ጀርባ በትንሽ የምድር ሉል ሥዕል ውስጥ ይታያል። አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ ኤውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2 ናቸው። ኢትዮጵያ ከብዙው አፍሪካና ከህንድ ጋር በ5 ተመድባለች። ይህ የነጋዴዎች አጥር ነው፤ ከሥዕሉ አሠራር ጋር ግንኙነት የለውም። በቤት የተቀረጸ ክርስትናና ሠርግ ቁጥር ስለሌለው አጥሩ አይነካውም። የላፕቶፕ ማንበቢያ ግን ክልሉን 5 ጊዜ ብቻ እንዲለውጡት ይፈቅድና በመጨረሻው ላይ ስለሚቈለፍ፣ ወጣቶች በከንቱ እንዳይጨርሱት ንገሯቸው።

«እንግዲያስ ማጫወቻውን ራሱን ከአሜሪካ ባስመጣስ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ራሴ ይህን አድርጌአለሁ። ዘመድ የላከልኝን ዴክ በደስታ ከግድግዳው ሶኬት ሰካሁት፤ የእነርሱ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛው 220 መሆኑን ያስታወስሁት ጭሱን ካየሁ በኋላ ነው። ከጀርባው «100–240» የሚል ጽሕፈት ከሌለው በቀር ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም።

በተቃራኒው መንገድ ከእኛ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ደግሞ የባሰ ነው። የእነርሱ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፓልን ጭራሽ አያነቡም። ስለዚህ ሰዎች ከመላካቸው በፊት «ለውጡልን» ብለው ወደ ቪዲዮ ቤት ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ የማውቃቸው መሪጌታ የደብራቸውን የንግሥ በዓል ማኅሌት አስለውጠው ለልጃቸው ሊልኩ ፈለጉ። የአንድ ሰዓቱ ማኅሌት በ50 ደቂቃ አለቀ። ከበሮው ይጣደፋል፤ ጸናጽሉ ይንጫጫል፤ የሊቃውንቱ ድምፅ ቀጥኗል። መሪጌታው ጥቂት ሰምተው «ይህስ ወረብ አይደለም፤ ሽሽት ነው» አሉ። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ሠራተኛው 25ቱን ሥዕል በ30 ፍጥነት አስሮጠው እንጂ አልለወጠውም። ትክክለኛው ለውጥ ፍጥነቱን ሳይነካ አምስቱ ሥዕል የስድስቱን ጊዜ እንዲሞላ አንዱን መድገም ወይም በመካከል አዲስ ማዋለድ ነው። የተለወጠውን ስትረከቡ ርዝመቱን ከፊተኛው ጋር አስተያዩ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ቢጐድል አትቀበሉ። የሰዎቹም መልክ ያለ ልክ የቀጠነ ወይም የሰፋ እንደ ሆነ የሥዕሉ ወርድ ተሳስቷል ማለት ነው።

በእኛ ግምት ግን ዛሬ ከአንዱ ሥርዐት ወደ ሌላው መለወጥ ከነጭራሹ አያስፈልግም። በለወጡት ቍጥር ሥዕሉ ይደክማል። የሚሻለው ሲዲውን እንደ ተፈጠረ፣ 29.97ም ከሆነ በ29.97፣ 25ም ከሆነ በ25፣ ወደ ፍላሽ ማሻገር ነው። ኮምፒዩተርና ስልክ ሁለቱንም ያለ ጭንቅ ያሳያሉ፤ ፍላሽ የሚቀበሉት አዳዲስ ቴሌቪዥኖችም እንዲሁ።

አሠራሩ ይህ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የሲዲ ማስገቢያ ስለሌላቸው በገመድ የሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ከጎረቤትም ቢሆን ይፈለግ። ሲዲው ሲከፈት «ቪዲዮ ቲ ኤስ» የሚል ክፍል ይታያል፤ መጀመሪያ እርሱን ሳይነኩ በሙሉ መገልበጥ ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው ቢበዛ 4.7 ጊጋ ባይት ስለ ሆነ ባለ 32 ፍላሽ ስድስት ያህል ይሸከማል። ቪ ኤል ሲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን እንዳለ ያጫውተዋል። ለቴሌቪዥንና ለስልክ እንዲመች ደግሞ ሃንድብሬክ በተባለው፣ እርሱም በነጻ በሚገኘው፣ ወደ ኤም ፒ 4 ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የሥዕሉ ቍጥር «እንደ ምንጩ» በሚለው ላይ ይሁን። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ «ዲኢንተርሌስ» የሚለው ይከፈት፤ የድሮው ሥርዐት አንዱን ሥዕል ለሁለት ከፍሎ ጎዶሎውን መስመር ቀድሞ፣ ሙሉውን ቀጥሎ ስለሚልክ የሚመጣ ነው። መብራት በሚቈራረጥበት ሰፈር ሥራው ባትሪው ደኅና በሆነ ላፕቶፕ ይሠራ፤ በመካከል የተቋረጠ ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም።

ይህን ስንል በቤት ስለ ተቀረጸው መናገራችን ነው። ከመደብር የተገዛው ፊልምና መዝሙር ባለቤት አለው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ይጠብቀዋል። አባዝቶ ማደል የዘማሪውን እንጀራ መንጠቅ ነው።

ወደ እርስዎ ሲዲ እንመለስ። ከሣጥኑ ሲያወጡት ጠርዙን ብቻ ይያዙ። አቧራ ቢኖርበት በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ይጥረጉ፤ ዙሪያውን ማሸት ይጐዳዋል። ፀሐይ አያሳዩት፤ በቤት የተቀረጸ ዲቪዲ ሥዕሉን የሚይዘው በቀለም ስለ ሆነ ቀለሙ ይነጣል። በጨለማ ሣጥን መቈየቱ እንኳ ጠቅሞታል። በኮምፒዩተሩ ጨርሶ የማይከፈት ከሆነ ግን ተስፋ አይቍረጡ፤ በካሜራ ወይም በመቅጃ የተሞላ ሲዲ በመጨረሻ «ፋይናላይዝ» ካልተደረገ ከቀዳው መሣሪያ በቀር ሌላው አያነበውም፤ ባዶ ይመስለዋል። እንዲህ ከሆነ ለልጅቱ ይላኩላት እንጂ አይጣል።

ልጅዎንም በስልክ ባገኟት ጊዜ በዚያን ቀን የተቀረጸበት የካሜራው ካሴት በእጇ እንዳለ ይጠይቋት። በዲቪዲ የተገለበጠው ከእርሱ ተጨምቆ የወጣ ነው፤ ካሴቱ ከተገኘ ከእርሱ መቅዳት ይሻላል።