የማይታየው ልብስ

በዛሬው ጽሑፋችን ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋታ የሚመስል፣ ውስጡን ሲመረምሩት ግን ለቤትም ለቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ያለበትን ነገር እናነሣለን። የነገሩ መነሻ የመማሪያ ክፍል ነው። ለተማሪዎቻችን ስለ ስኮትላንድ አገር ስናስተምር፣ ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ ታጥቀው ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉ ወንዶችን ሥዕል አሳየናቸውና ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ጋብ ሲል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ ከሥሩስ ምን ይለብሳሉ?» ሲል ጠየቀ። ሁለተኛው ሳቅ ከፊተኛው የባሰ ሆነ።

እኛ ግን ልጁን አልተቈጣነውም። አስቀድመን፣ «ቀሚስ የለበሰ ወንድ ካሳቃችሁ፣ እሑድ በመቅደስ የምታዩአቸው ቀሳውስትና ዲያቆናት ምን ለብሰው ይሆን?» ብለን ጠየቅናቸው፤ ሁሉም ዝም አሉ። ቀጥለንም ለልጁ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ሰጠነው። ጥያቄው ስኮትላንዳውያን ራሳቸው ሲቀልዱበትም ሲከራከሩበትም የኖሩበት ነውና፣ መልሱን ለእናንተም እናካፍላችኋለን።

ይህ ልብስ ኪልት ይባላል። የሚሠራው ከበግ ጠጕር ከተፈተለና በየመልኩ ባለ መስቀለኛ መስመር ሆኖ ከተሸመነ ጨርቅ ነው። ለክብር ቀን የሚለበሰው ኪልት አብዛኛውን ጊዜ 8 ያርድ፣ ማለት ከ7 ሜትር የሚበልጥ ጨርቅ ይፈጃል። ከፊቱ ሜዳ ሆኖ፣ ጎንና ጎኑ እንዲሁም ኋላው በብዙ ሽንሽን ይታጠፋል፤ ርዝመቱም እስከ ጕልበት ነው። በጥንት ዘመን የደጋማው የስኮትላንድ ክፍል ሰዎች ሰፊ የሱፍ ጨርቅ በወገባቸው ላይ በመታጠቂያ ሸብ አድርገው ትርፉን በትከሻቸው ላይ ይጥሉ ነበር፤ ከሥሩም ረጅም እጀ ጠባብ ይለብሱ ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1745 ዓ.ም. ከተነሣው ዐመፅ በኋላ የብሪታንያ መንግሥት በ1746 ዓ.ም. ይህን ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ለጦር ሠራዊቱ ብቻ ተፈቀደ። ሕጉ በ1782 ዓ.ም. ተሻረ። ሕዝቡም የተከለከለውን ልብስ የአገሩ መታወቂያና ኩራት አደረገው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኪልት እንደ ጥጥ ልብስ በየሳምንቱ የሚታጠብ አይደለም። ሱፍ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ሲታሽ ይኰማተራል፤ በብዙ ድካም የተሰፋውም ሽንሽን መልኩን ያጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በብሩሽ ይጠርገዋል፤ ጠብታ ያረፈበትን ስፍራ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል፤ ነፋስ ያስመታዋል፤ ከዚያም ይሰቅለዋል። ወደ ልብስ ንጽሕና ቤት የሚልከው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ልብስ ንጹሕ አድርጎ ለማኖር ያለው መላ ከቆሸሸ በኋላ ማጠብ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው እንዳይቆሽሽ መጠበቅ ነው። የሚጠብቀውም ከሥር የሚለበሰው ልብስ ነው።

በስኮትላንድ ወታደሮች ዘንድ ግን ከኪልት ሥር ምንም አለመልበስ እንደ ወንድነት ምልክት ተቈጥሮ ቆይቷል፤ ከእነርሱም ወደ ሌላው ሕዝብ ተሻግሯል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የዚያው አገር ባህላዊ ጨርቅ ጉዳይ የሚመለከተው ድርጅት ዳይሬክተር ይህ ልማድ የልጅነት ሥራ እንደ ሆነና ከንጽሕናም ጋር እንደማይስማማ በግልጽ ተናገሩ። ብዙዎች ተቈጡ። ነገር ግን የሰውዬው ምክንያት የሚናቅ አልነበረም። ኪልት ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ለሠርግ ቀን ተከራይቶ ይለብሰዋል፤ ዛሬ አንዱ የለበሰውን ነገ ሌላው ይታጠቀዋል። የራሱን ልብስ የሚለብስ ሰው ዕዳው ለራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ተረክቦ የሚለብሰውን ልብስ የሚያሳድፍ ግን የባልንጀራውን መብት ይነካል።

ታዲያ ከሥሩ ምን ይለበስ? መልሱ ቀላል ነው። ላብ የሚመጥ፣ ከገላ ጋር የሚስማማ፣ በየቀኑ የሚለወጥና የሚታጠብ የጥጥ ቁምጣ የውስጥ ሱሪ ነው፤ ቁመቱም ከኪልቱ ጫፍ ወጥቶ እንዳይታይ አጠር ይላል። በሙቀት ጊዜ ጭን ከጭን ጋር እንዳይፋተግ እስከ ጭን አጋማሽ የሚደርሰው ይመረጣል። የሸሚዙም ጫፍ ረዘም ብሎ ወደ ታች ሲገባ በወገብ ዙሪያ ያለውን ላብ ይቀበላል። ሰውዬው ሲቀመጥ ሽንሽኑን በእጁ ወደ ታች አስተካክሎ ይቀመጣል። ማታ ሲያወልቀውም ነፋስ ሳያስመታ ወደ ሣጥን አይመልሰውም፤ ብል ላብና እድፍ ያለበትን ሱፍ አጥብቆ ይወዳልና። የመንዝ በርኖስ ወይም የሱፍ ካባ በቤታችሁ ያላችሁ ሁሉ ይህን ምክር ለራሳችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

ይህን ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ትዝ ያለን ቅዱስ መጽሐፍ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 እግዚአብሔር ለአሮንና ለልጆቹ የክብር ልብስ ይሠራላቸው ዘንድ ለሙሴ ሲያዝዘው ወርቁንና ዕንቍውን ብቻ ቈጥሮ አላበቃም፤ ከወገብ እስከ ጭን የሚደርስ የተልባ እግር ሱሪም እንዲደረግላቸው አዘዘ። በነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 44 ደግሞ ካህናቱ በውስጠኛው አደባባይ ሲያገለግሉ ላብ የሚያመጣ ነገር እንዳይታጠቁ ተነግሯል። ማንም ሰው የማያየው ልብስ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል ማለት ነው።

በእኛስ ቤተ ክርስቲያን? ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይቆማሉ፤ የሚለብሱት ልብሰ ተክህኖም የግላቸው ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ ነው። ከፋይና ግምጃ፣ በወርቀ ዘቦም ያጌጠ ስለ ሆነ ብዙው እንደ ነጠላ አይታጠብም። እንደ ኪልቱ ሁሉ ዛሬ አንዱ ለብሶት ነገ ለሌላው ይተላለፋል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። በልጅነታችን በዲቁና ስናገለግል፣ አንድ ቀን ሩጫ ውለን ላባችን ሳይደርቅ ደረስንና በዚያው ገላችን ላይ ልብሰ ተክህኖውን ደርበን ገባን። በማግሥቱ ያንኑ ልብስ የለበሰው ጓደኛችን አንገትጌው እንደ ረጠበና እንደ ሸተተ አወቀ፤ ነገር ግን ለማንም አልተናገረም። ያወቁብን ንዋየ ቅድሳቱን የሚጠብቁ አንድ አረጋዊ አባት ናቸው። አልገሠጹንም። አንገትጌውን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ አድርገው እያበሱ፣ «ልጄ፣ ይህን ከአንተ በፊት የለበሱት ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ከአንተ በኋላ የሚለብሱት ገና አልተወለዱም። አንተ አደራ ጠባቂ ነህ እንጂ ባለቤት አይደለህም። እናትህ ከአቡጀዲ እጀ ጠባብ ትስፋልህ» አሉን። እናታችንም ሁለት ሰፋችልን፤ አንዱ በገላችን ላይ ሲሆን ሌላው ታጥቦ ይሰጣ ነበር። በዚያ ቀን የተሰማን እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ መልካም እፍረት ነውና እንዲለቀንም አንፈልግም።

ስለዚህ ዲያቆን ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ለልጃችሁ ለቅዳሴ ብቻ የሚሆን ሁለት ነጭ የጥጥ እጀ ጠባብና ንጹሕ የውስጥ ሱሪ አዘጋጁለት። ገላውን ታጥቦ ይሂድ፤ ከአገልግሎት ሲመለስም ያን ዕለት ይታጠብለት። ልብሰ ተክህኖውን ሲያወልቅ እርጥበት እንዳለው አጥፎ እንዳያስቀምጥ፣ በጥላ ስፍራ ነፋስ እንዲያስመታው አስተምሩት። ሴቶች ልጆቻችንም ጥበብ ቀሚሳቸውን ከጥጥ የውስጥ ቀሚስ ጋር ቢለብሱት ጥለቱ በመታጠብ ብዛት ሳይደበዝዝ ብዙ ዓመት ያገለግላቸዋል።

ያ ጥያቄ ጠያቂ ተማሪያችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እንግዲያውስ ዋናው ልብስ የማይታየው ነዋ!» አለ። እኛም እውነት ብለሃል አልነው። በሰው ፊት የምናሳየው መልካም ጠባይ እንኳ፣ ከሥሩ ማንም በማያየው ጾምና ጸሎት፣ ማንም በማይሰማው ንስሐ ካልተጠበቀ፣ ውሎ አድሮ እድፉ ወደ ውጭ መውጣቱ አይቀርም። የውጩንም የውስጡንም ልብሳችንን በንጽሕና ጠብቀን ለተከታዮቻችን እንድናስረክብ አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።