ባዶ ሜዳ ክብር አይደለም

ወጣቶች ሆይ፤ ጨዋታ ሁሉ ኀጢአት፥ ዝምታም ሁሉ ጽድቅ የሚመስላቸው ሰዎች በየዘመኑ አይጠፉም። ይህን የምጽፈው እነርሱን ለመቃወም ነው። ክርክሩ የተነሣው ትንሽ በሚመስል ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በግቢያቸው ሣር ላይ የተከሉት የዲስክ ጎልፍ መጫወቻ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ላስረዳ። ተጫዋቹ ከፕላስቲክ የተሠራ ጠፍጣፋ ዲስክ ይወረውራል፤ ከወደቀበትም ስፍራ አንሥቶ እንደ ገና ይወረውራል፤ በመጨረሻም ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። በትልቅ ሜዳ ቅርጫቱ 18 ነው፤ ለትንሽ ግቢ ግን 9 ይበቃል። መጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ተብሎ የሚታወቀው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በካሊፎርንያ፥ ኦክ ግሮቭ በተባለ መናፈሻ የተከፈተው ነው። ያቋቋመው ኤድ ሄድሪክ ሲሆን፥ ባለ ሰንሰለቱን ቅርጫት የፈለሰፈም እርሱ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ በሚኖሩበት በአሜሪካ በሰነበትሁበት ጊዜ፥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ቅርጫቶቹ ይነቀሉ» እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። በዚያው ከሚሰበሰቡት ኢትዮጵያውያን አንዱም «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲል ተረተ። ተረቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያለ ቦታው ገባ። ልጆቹ አጥር አልነቀነቁም፤ በሩ ተከፍቶላቸው ገቡ። ይህን ንቀት ማለት፥ እንግዳን ጠርቶ «ሌባ ነህ» እንደ ማለት ነው።

በመጀመሪያ፥ ስፍራው የተቀደሰ ነው ይላሉ። እኔም አልክድም። ነገር ግን መቅደሱና ሣሩ አንድ አይደሉም። በሀገራችን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፥ በዛፍ ጥላ ሥር፥ ስንት ሕፃናት እየጮኹ ፊደል ቈጥረዋል! ያ ጩኸት ግቢውን አላረከሰውም። በገና ዕለትም ጐልማሳው ሜዳ ወጥቶ ሩሩን በዱላ ሲመታ፥ ጌታና ሎሌ እኩል ሲጋፉ፥ በዓሉ ተዋረደ ያለ የለም።

ሁለተኛ፥ ጨዋታ ወጣቱን ከጸሎት ያርቃል ይላሉ። ይህም ክርክር አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1618 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ፥ ሠራተኛው ሕዝብ ሌላ የዕረፍት ቀን የለውምና ከእሑድ ጸሎት በኋላ እንዲጨፍር፥ ቀስት እንዲወረውር፥ እንዲዘልልም ፈቀደ፤ ጸሎቱን ትቶ የቀረውን ግን ከጨዋታው ከለከለ። ልጁ ቻርልስ በ1633 ዓ.ም. አዋጁን አድሶ ቀሳውስቱ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲያነቡት አዘዘ፤ እምቢ ካሉትም ብዙዎቹ ተቀጡ። በ1643 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው መጽሐፉ በእሳት እንዲቃጠል ወሰነ። የንጉሡ ምክንያት ደግ ነበር፤ በግድ ማስነበቡ ግን አበላሸው። እንግዲህ ጨዋታ በአዋጅ አይጸድቅም፥ በእሳትም አይጠፋም።

አስተማሪ ነበርሁና ጨዋታን የምመዝነው በሚያስተምረው ነገር ነው። በዚህ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ የለም። ዲስኩ ቍጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ልጁን የሚያየው የለም፤ ስንት ጊዜ እንደ ወረወረ የሚናገረው ራሱ ነው። አራት ወርውሮ ሦስት ያለ ልጅ ማንን አታለለ? በክፍል ውስጥ ስለ እውነተኛነት ብዙ ሰዓት ተናግሬአለሁ፤ ያለ ተቈጣጣሪ እውነት መናገርን የሚያለማምድ ስፍራ ግን ጥቂት ነው።

ደግሞም አያት ከልጅ ልጁ ጋራ ዘጠኙን ቅርጫት ሲዞር እዩ። በቤት ውስጥ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ በአንድ ቃል የሚመልሰው ልጅ፥ ከቅርጫት ወደ ቅርጫት ሲሄድ ሳይጠየቅ ያወራል። ሽማግሌዎቻችን በሰው ሀገር «ልጆቻችን ቋንቋችንን ረሱ» እያሉ ያዝናሉ፤ ከልጆቹ ጋራ አብረው የሚሄዱበትን ሜዳ ግን ለመንቀል ይነሣሉ! ቋንቋ በቍጣ አይወረስም፤ አብሮ በመዋል እንጂ።

ይሁን እንጂ ቅርጫቱን ወጥመድ ሊያደርጉት የሚሹትንም አልደግፍም። ልጁ ሊጫወት መጥቶ ስብከት ቢያደቡበት፥ ነገ አይመለስም፤ ቢመለስም አያምናቸውም። ለመንገደኛ ውሃ የሚሰጥ ደግ ሰው በጽዋው ሥር ደረሰኝ አይደብቅም።

እናንተም፥ ወጣቶች፥ መብት ያለ ግዴታ አይጸናም። ጸሎት ወይም ቀብር ባለ ጊዜ ዲስካችሁን አስቀምጡ። ወደ መቃብር አትወርውሩ። ዲስኩ ጠንካራ ነውና መንገደኛው እስኪያልፍ ታገሡ። ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ ያገኛችሁትንም ቍራጭ ወረቀት አንሡ። አሳዳጊ የበደለው ተባልታችሁ ለከሳሾቻችሁ ምስክር አትሁኑ።

ለሽማግሌዎቹም የምለው ይህ ነው፦ ሣሩ ሳይረገጥ፥ ግቢውም ጭር ብሎ ስታዩት ተከበረ አትበሉ። ቅርጫት መንቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የራቀን ልጅ መመለስ ግን ዕድሜ ይፈጃል።