ዋይፋዩ እምቢ ላለው

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስልኩን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ቀረበና «ዋይፋዩ እምቢ አለኝ» ብሎ አመለከተ። የተሰጠው መልስ «የኛ ሥራ መጽሐፍ ማዋስ ነው» የሚል ነበር። ልጁ የቤት ሥራውን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መላክ ነበረበት፤ ሳይልክ ቀረ። እኛም ሦስት ሆነን ከአጠገቡ ተቀምጠን ነበር፤ አላየንም ለማለት አንችልም።

መምህሮቻችን የሚያዙልን ንባብ አብዛኛው በኢንተርኔት በሚገኝበት በዛሬው ጊዜ፣ አንባቢን ከዋይፋይ ጋራ ማገናኘት መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ከመስጠት በምን ይለያል?

ችግሩም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ስልኩ ተገናኝቷል፤ የቀረው ስምና የይለፍ ቃል የሚጻፍበት መግቢያ ገጽ ነው። ተጠቃሚው የተመሰጠረ አድራሻ ሲከፍት ግን ያ ገጽ ብቅ አይልም፤ የተመሰጠረውን ጥያቄ ዋይፋዩ ወደ ራሱ ገጽ ሊያዞረው አይችልምና። የዋይፋዩን ስም ከስልኩ ሰርዞ እንደ ገና መግባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ መገናኛዎች በተዘጉ ጊዜ ቪፒኤን የጫንን ደግሞ ብዙዎች ነን፤ እርሱ ካልጠፋ መግቢያው ገጽ ላይመጣ ይችላል። ከሁሉ የሚያስገርመው የቀኑ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው የስልኩን ቀን በአገራችን አቆጣጠር ያደርገዋል፤ ስልኩ ግን ፈረንጅ ነውና ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ስለዚህም የድረ ገጾቹን የምስክር ወረቀት «ዘመኑ ገና አልደረሰም» ብሎ ይጥለዋል። ይህን የሚያውቅ በአንድ ደቂቃ ያቃናዋል፤ የማያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ቢታገል አይሆንለትም። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ ስለ ቀን አንድ ቃል የለበትም፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በየማታው ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁለት ሁለት ተማሪዎች በተራ በበሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ መመሪያውም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። የሚረዳው ተማሪ የሰው ስልክ ነጥቆ አይነካካ፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲሠራው ያሳየው፤ የይለፍ ቃል ሲጻፍም ፊቱን ያዙር። ትክክለኛውን የዋይፋይ ስም አስቀድሞ ይንገረው፤ ተመሳሳይ ስም አውጥቶ የሰውን ምስጢር የሚያጠምድ አይጠፋምና።

ከአስተዳደሩ የምንለምነው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው፤ ገንዘብ አልጠየቅንም። መምህሮቻችንም መስመር አጥቶ የዘገየን ተማሪ ሰነፍ ከማለታቸው በፊት አንድ ጊዜ ቢጠይቁት ደስ ይለናል።

የተራ መመዝገቢያው ወረቀት ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ይለጠፋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መሥመሮች፣ ያን ማታ የተቀመጥነው፣ ሞልተናቸዋል።