ሜዳ ላይ አግብተን ቢሮ ውስጥ ገባብን!

በ2005 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ከወለጋ አንድም ክለብ አልነበረም። ደደቢት ዋንጫውን ወሰደ፣ ጊዮርጊስ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ምድብ ውስጥ ገባ ሲባል እኛ የቢላ ሰዎች በሬዲዮ ሰማን። ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ “የእኛ” የምንለው ቡድን አንድ ብቻ ነበር፤ ዋልያ!

ዋልያም አላሳፈረንም። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ቢመጣም፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 ሸኘና ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። እዚያም በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶበት፣ በ10 ሰው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ቡርኪና ፋሶ 4፣ ናይጄሪያ 2 አገቡብን። ይሁን! ሜዳ ላይ መሸነፍ ነውር የለውም።

ነውሩ የመጣው በሰኔ ነው። ሰኔ 9 ቀን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስንረታ ነጥባችን 13 ደረሰ። ምድቡን ጨረስነው ብለን ቢላ ሻይ ቤት ውስጥ ወንበር እስኪሰበር ጨፈርን። መብራት እንኳ ያን ቀን አልከዳንም! ጭፈራው ሳይበርድ ፊፋ “ቆዩ እስቲ” አለ። ለካስ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ፣ በሁለት ቢጫ ምክንያት መቀመጥ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል! 3 ነጥብ ተቀማን፤ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጣት። ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ።

ለመሆኑ ሁለት ቢጫ መቁጠር ምን ይከብዳል? የእኛ ሰፈር ባለሱቅ የመንደሩን ዱቤ ሁሉ በአንዲት የተቀዳደደች ደብተር ይይዛል፤ አንድ ሳንቲም አያልፈውም!

ልጆቹ ግን ብራዛቪል ድረስ ሄደው ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፉና ምድቡን እንደገና ወሰዱ። አንድ ምድብ ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ማለት ይሄ ነው። በ2006 ጥቅምትና ኅዳር ናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አስቀረችን እንጂ፣ ሕዝቡ “ጀግኖች!” ብሎ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በጭብጨባው መሀል ግን የቢጫዋን ነገር ረሳናት።

የተረሳ ጥፋት ደግሞ ዘመድ ይዞ ይመለሳል። በሰኔ 2014 ግብጽን 2 ለ 0 ስናሸንፍ “የሜዳችን” ጨዋታ የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! የካፍን መለኪያ ያለፈ አንድ ስታዲየም አገር ውስጥ ጠፍቶ። ያኔም ልጆቹ አሸነፉ፤ ያኔም ድሉ የቢሮውን ገበና ሸፈነ።

ስንሸነፍማ አሰልጣኝ አለ፤ እሱን እናባርራለን። ቢሮው መጠየቅ ያለበት ስናሸንፍ ነው፤ በጨፈርን ማግስት! እኛ ለሰበርነው ወንበር ተዋጥተን ከፍለናል። ቢሮው ለሰበረው ግን የከፈሉት ብራዛቪል ድረስ የሮጡት ልጆች ናቸው። እስከ መቼ?