ያገለገለ ካሜራ ፊልም ከመጉረሱ በፊት



ከአገር ከወጣችሁበት ቀን ጀምሮ ያሳለፋችኋቸው ዓመታት ምስል የት ተቀምጧል? ለአብዛኞቻችን መልሱ አንድ ነው፤ በእጅ ስልካችን ውስጥ። ስልኩ ሲሰበር፣ ሲሰረቅ፣ ሥራ ስንለቅ በሰው እጅ ሲቀር ወይም የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ኑሮ አብሮት ይሄዳል። ወላጆቻችን እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሣጥን አውጥተው የሚያሳዩት አልበም ነበራቸው። እኛ ግን በሺህ የሚቆጠር ፎቶግራፍ አንስተን፣ ለልጆቻችን በእጅ የምናቀብለው አንድ ወረቀት እንኳ ላይኖረን ይችላል። ስለዚህ በአሮጌ ዕቃ ገበያ አቧራ ለብሶ ስለሚገኘው የፊልም ካሜራ አንድ ሐሳብ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

ሐሳቤ ይህ ነው፦ ያገለገለ የፊልም ካሜራ ስደተኛ ቢይዘው የሚጠቅመው ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የእኛ የሚሆነው ዋጋውን በከፈልንበት ቀን ሳይሆን ጠባዩን ካወቅን በኋላ ነው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ካሜራውን በችኮላ ገዝቶ፣ በዚያው ቀን ፊልም አጉርሶ ወደ ልደት ወይም ወደ ሠርግ የሚሮጥ ሰው፣ ገንዘቡንም ያን የማይመለስ ቀንም ሊያጣ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ፔንታክስ ኬ1000 የተባለውን ካሜራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 ተመርቷል፤ የፎቶግራፍ መምህራንም ለጀማሪ ተማሪዎች ሲመክሩት የኖሩት ነው። ምክንያቱ ቀላልነቱ ነው። ሥራው ሁሉ በጥርስና በምንጭ የሚከናወን ስለሆነ፣ ባትሪ የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ባትሪው ቢያልቅም ካሜራው ማንሳቱን አያቆምም። መለኪያውን የሚያጠፋ ቁልፍ ግን የለውም፤ የሚያርፈው የሌንሱ ክዳን ሲገጠም ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ክዳኑን ትቶ ያስቀምጠውና፣ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅበት ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ዕቃው ግን አልተበላሸም፤ አልተዋወቁም እንጂ።

እንግዲህ በቤይሩት የእሑድ ገበያም ይሁን በኩዌት የዓርብ ገበያ እንዲህ ያለ ካሜራ ብታገኙ፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት አራት ነገሮችን መርምሩ። በመጀመሪያ ጀርባውን ክፈቱና በዳርቻው ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጣታችሁ ንኩ። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ከሆነ ብርሃን ያስገባል፤ ነገር ግን በጥቂት ወጪ ሊቀየር ይችላል። ሁለተኛ፣ ፎቶ አንሺዎች ሻተር የሚሉትን የጨርቅ መጋረጃ በተለያየ ፍጥነት አሠሩት። በአንድ ሰከንድ ላይ ስታደርጉት በርግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይቆይ፤ ተከፍቶ ከቀረ ወይም ከዘገየ ጥገና ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በውስጡ ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ እርጥበት በሚበዛባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይህ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሌንስ ባትገዙት ይሻላል። አራተኛ፣ በሥሩ ያለውን የባትሪ ቤት ፈታችሁ አረንጓዴ ዝገት እንዳለ እዩ።

ካሜራው ቤት ከገባ በኋላም ለጥቂት ቀናት ያለ ፊልም ተለማመዱበት። ሦስት ነገሮች አብረው እንደሚሠሩ ተማሩ፦ የፊልሙ የብርሃን ስሜት፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና የሻተሩ ፍጥነት። በፊልሙ ሣጥን ላይ 200 ተብሎ ከተጻፈ፣ ያንኑ ቁጥር በካሜራው ላይ ሙሉ። ከዚያ በመመልከቻው በስተቀኝ ያለችው መርፌ መሐል ላይ እስክትቆም ድረስ ቀዳዳውን ወይም ፍጥነቱን ለውጡ። መለኪያው የማይሠራ ከሆነም ፎቶ አንሺዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ዘዴ አለ፦ በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16 ላይ አድርጉና፣ ለሻተሩ ከፊልሙ ቁጥር ጋር የሚቀራረበውን ፍጥነት ምረጡ፤ ለ200 ፊልም የሰከንድ 250ኛው ማለት ነው። በምንኖርበት ምድር ፀሐይ ስለማትጠፋ፣ ይህ ዘዴ ብዙ ቀን ያገለግላል።

ቀጥሎ የማሳስባችሁ፣ የመጀመሪያውን ፊልም ለካሜራው፣ ሁለተኛውን ለሰው አድርጉት። የመጀመሪያዎቹን 36 ፎቶዎች በር፣ ዛፍ፣ መስኮት እያነሳችሁ፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳና ፍጥነት በደብተር ጻፉ። ፊልሙን በምታጎርሱበት ጊዜ፣ ስትጠመዝዙ በስተግራ ያለው መጠቅለያ አብሮ መዞሩን አረጋግጡ። ካልዞረ ፊልሙ ጥርሱን አልያዘም፤ 36 ጊዜ ብታነሱም ምንም አይቀረጽም። ሲያልቅም መልሳችሁ ወደ ቤቱ ሳትጠቀልሉት ጀርባውን አትክፈቱ። ፊልም ብርሃን የሚሰማው የብር ውሁድ የተቀባ ነው፤ ሳይታጠብ ብርሃን ካገኘው የተሳለበትን ሁሉ ያጣል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ደብተራችሁን ከፎቶዎቹ ጋር አስተያዩ። ያን ጊዜ ካሜራው የቱ ጋ እንደሚያስተማምንና የቱ ጋ እንደሚያሳስት ታውቃላችሁ።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊልም፣ ማጠቢያና ማሳተሚያ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ለቤተሰብ ከሚላከው ቀንሶ ካሜራ መግዛት እኔ የምመክረው ነገር አይደለም። ነገር ግን ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንዱን ካሜራ በጋራ ብትይዙ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ፊልም ብቻ ብታነሱ ወጪው ይቀላል። ደግሞም 36 ብቻ መሆናቸው ጉድለት አይደለም። ከዚህ ዓመት ሊቀመጥ የሚገባው የትኛው ፊትና የትኛው ቀን እንደ ሆነ እንድንመርጥ ያስገድደናል። ስልኩ ይህን ጥያቄ አይጠይቀንም፤ ሁሉን ስለሚቀበል የትኛውንም ሳንመርጥ እናልፋለን።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሳት በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የወታደር ሥፍራን፣ የመንግሥት ሕንጻንና አውሮፕላን ማረፊያን ከማንሳት ተቆጠቡ፤ የአሠሪያችሁን ቤትና ልጆችም ሳይፈቀድላችሁ አታንሱ። ፊልም በሙቀት ይጎዳልና በመኪና ውስጥ አትተዉት። ወደ አገር ስትበሩም ያልታጠበ ፊልም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ የሻንጣው መፈተሻ ጨረር ያበላሸዋል። በእጃችሁ ያዙና በዓይን እንዲፈተሽላችሁ ጠይቁ፤ ለእጅ ሻንጣ የመጡት አዳዲስ መሣሪያዎችም ፊልምን ይጎዳሉና።

ከሁሉ በላይ ግን ኔጋቲቩን አትርሱ። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ምስሉን በስልክ ልከው ፊልሙን ያስቀራሉ፤ ስለዚህ ስታስረክቡ «ኔጋቲቩን እፈልገዋለሁ» ብላችሁ ተናገሩ። የይለፍ ቃልም ኃይልም የማይፈልግ፣ በአንድ ፖስታ ውስጥ ተጠቅልሎ ከፓስፖርት ጎን የሚቀመጥ ነገር ነው። በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከተያዘ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ከእርሱም እንደገና ማሳተም ይቻላል።

ስለዚህ ካሜራውን ስታገኙ ፊልም ለመግዛት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ክፈቱት፣ ጠምዝዙት፣ ድምፁን ስሙ። በስደት ያለፈው ዘመናችን በሚገባ ሊቀመጥ የሚችለው ጠባዩን በምናውቀው ዕቃ ነው፤ ያም ዕቃ የተጨናነቀው ስልካችን ሳይሆን፣ ማንም ያልፈለገው የአሮጌ ገበያው ካሜራ ሊሆን ይችላል።