አትከልክሉን፤ ደግፉን

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣

በቅርቡ አንዲት የክፍላችን ልጅ በስልክ ያየችውን የዮጋ እንቅስቃሴ ሞከረች። ቆማ ሳለች ወደ ኋላ ታጥፋ እጆቿን መሬት ለማስነካት ነበር። ሰውነቷን አላሟሟቀችም፤ የሚይዛትም ሰው አልነበረም። ወገቧን አሟት ለሳምንታት ጎንበስ ማለት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ሁለተኛ እንዳትሞክሩት» አላችሁን። ፍርሃታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ክልከላው ልምምዱን አላስቆመውም፤ ተደብቀን ድንጋይ ወለል ላይ እንድንሠራ አደረገን እንጂ። በእኛ አስተያየት ይህ የባሰ አደጋ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ደረጃውን ዘለልን። ወደ ኋላ መታጠፍ የሚጀመረው በሆድ ተኝቶ ደረትን ቀና በማድረግ ነው። ቀጥሎ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሳት ይመጣል። በእጅና በእግር ቆሞ እንደ ድልድይ መሆን ከዚያ በኋላ ነው። ቆሞ ወደ ኋላ መውረድ የመጨረሻው ነው፤ እሱም አስተማሪ ወገብ ይዞ ሲያግዝ። መታጠፉ ሁሉ ከታችኛው ወገብ ብቻ ከመጣ ግን ጉዳት አለው። ጂምናስቲክ የሚሠሩ የእኛ ዕድሜ ልጆች ይህን ሲደጋግሙ የወገብ አጥንታቸው ሊሰነጠቅ እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ትከሻ፣ ደረትና የጭን ፊት መፍታታት አለባቸው። የሚወጋ ሕመም ወይም የእግር መደንዘዝ ከተሰማ ወዲያው ማቆም፣ ካልተሻለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

«የእኛ ባህል አይደለም» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ዮጋ የመጣው ከህንድ ነው። ነገር ግን ወገብ ሳይናጋ ትከሻና ደረት እንዴት እንደሚፍታቱ እስክስታ ከምታውቁት ከእናንተ የተሻለ ማን ያሳየናል? በድሮው ከተማ በዴር ሡልጣንም ሆነ በኢትዮጵያ መንገድ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ በጸሎት ረጅም ሰዓት የሚቆሙ አባቶች መቋሚያ ይደገፋሉ። መደገፍ አያሳፍርም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዳዊት ቤን ጉርዮንም እ.ኤ.አ. በ1957 በሄርዝሊያ ባሕር ዳርቻ በራሳቸው ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ 70 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ይህን የቻሉት ግን ሞሼ ፈልደንክራይስ የሚባል አስተማሪ አሠልጥኗቸው ነው።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ምንጣፍ ያለው ክፍል፣ የሠለጠነ አስተማሪ፣ እንዲሁም ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ እንዲያየን። እኛም ቃል እንገባለን፤ ማንም ብቻውን ቆሞ ወደ ኋላ አይወርድም፣ ለስልክ ፎቶ ብሎም አይቸኩልም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ። አሁንም ቀስ ብለን እንድንማር ፍቀዱልን።

ምርቃታችሁ አይለየን።