ሱቁ በማን ስም ይሁን?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወጣት እህት ቤቴ መጥታ ነበር። ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍታለች። እጮኛዋ ከሠርጉ በፊት ሱቁ በእሱ ስም እንዲዞር ይፈልጋል። ቡናችንን እየጠጣን፣ "እምቢ ብለው ፍቅሬ ጎድሏል ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ከዓመታት በፊት ለሌላ እህት፣ "ፍቅር ካለ ገንዘብ አያጣላችሁም" ብዬ በችኮላ መክሬ ነበር። ተሳስቼ ነበር፤ ዕንባዋን ያየሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ በአንዲት ሴት ታሪክ ጀመርኩ።

ቤሊንዳ ሙልሩኒ እ.ኤ.አ. በ1872 አየርላንድ ውስጥ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ወደ አሜሪካ ተሻግራ ከሥራ ወደ ሥራ እየተዘዋወረች ራሷን ቻለች። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ምግብ ሸጠች፤ በኋላም ወደ አላስካ በሚመላለስ መርከብ ላይ በመስተንግዶ ሠራች።

በ1896 በካናዳ፣ ክሎንዳይክ በሚባል ስፍራ ወርቅ ተገኘ። ወሬው በ1897 ሲሰማ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ተነቅሎ ጉዞ ጀመረ፤ አብዛኛው ግን ሳይደርስ ቀረ። ቤሊንዳ ከዚያ ጎርፍ ቀድማ፣ በዚያው ዓመት የቺልኩትን ተራራ ተሻግራ ዶሰን ገባች። ዕድሜዋ 25 ዓመት ነበር። ይዛ የሄደችው ጨርቃ ጨርቅና ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት ነው። ቆፋሪ ሁሉ ወርቅ አያገኝም፤ ብርዱ ግን ሁሉንም ያገኛል! ዕቃዋን በገዛችበት ብዙ እጥፍ ሸጠች። ቀጥላ ምግብ ቤት፣ ከዚያም ወርቅ በሚቆፈርባቸው ሁለት ጅረቶች መገናኛ ላይ ሆቴል ከፈተች። በ1898 ደግሞ ፌርቪው የተባለውን ታዋቂ ሆቴል ዶሰን ውስጥ አቆመች። አያችሁ፣ ልባም ሴት ማለት ይህች ናት።

ከዚያ ፍቅር መጣ። በ1900 ሻርል ካርቦኖ የሚባል፣ "የፈረንሳይ መስፍን ነኝ" የሚል ሰው አገባች። በከተማው ግን "ሞንትሪያል ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር" ይባል ነበር። ፀጉር ማስተካከል የተከበረ ሙያ ነው፤ ነውሩ ያልሆኑትን ነኝ ማለት ላይ ነው። ትዳሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፍቺ አበቃ። ቤሊንዳ ግን አልወደቀችም። ከእህቶቿ ጋር አላስካ ውስጥ እንደገና ሠራች፤ በኋላም በዋሽንግተን ግዛት ትልቅ የድንጋይ ቤት ሠርታ ኖረች። ያረፈችው በ1967፣ በ95 ዓመቷ ነው።

እህቴ፣ ከዚህ ታሪክ "ገንዘብ ያላት ሴት ትዳር አይሆንላትም" የሚል ትምህርት እንዳትወስጂ። የሠራሽ እጅ ለፍቅር እንቅፋት አይሆንም። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ለሱቅሽ ጨርቅ ስትገዢ ገልብጠሽ ታያለሽ፣ በጣትሽ ትዳስሻለሽ፣ ዋጋ ትጠይቂያለሽ። ዕድሜ ልክሽን አብሮሽ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ጠይቂ። ቤተሰቦቹን እወቂ፤ የሥራ ባልደረቦቹን እወቂ፤ ዕዳ እንዳለበትም ጠይቂው። ያንቺንም ሳትደብቂ ንገሪው።

ሕጉንም እወቂ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ ከጋብቻ በፊት ያፈራሽው ንብረት የግልሽ ሆኖ እንደሚቀጥል ይደነግጋል። በጋብቻ ዘመን ከዚያ ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራችሁ ነው። እንግዲህ ባልሽ ከሱቁ እንጀራ እንዲበላ ስም ማዞር አያስፈልገውም። በሠርጋችሁ ማግስት ገቢው የሁለታችሁ ነው።

ለዚያች እህት ያልኳት ይህንኑ ነው፦ "ሂጂና 'ስሙ ለምን አስፈለገህ?' ብለሽ በፍቅር ጠይቂው። መልሱን ብቻ ሳይሆን ስትጠይቂው ፊቱ የሚሆነውንም እዪ። የሚወድሽ ሰው ጥያቄሽን ይታገሣል።"

ጽዋዋን አስቀምጣ ተነሣች። እስካሁን ተመልሳ አልመጣችም። እኔም አላስቸኩላትም፤ ቡናው ግን ይጠብቃታል።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ በሰላም ቆዩልኝ።